አሮጌ ላፕቶፕ፣ ትንሽ ራም፦ የትኛውን ሊኑክስ እንጫን?

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ አንድ ትንሽ ኔትቡክ ይዞ መጣ። ዊንዶውስ 7 የተጫነበት፣ 1 ጊጋ ራም ያለው፣ መጠኑ ከደብተር ብዙም የማይበልጥ ነው። ጥገና ቤት ወስዶት «ይሄ አልቆለታል፣ አዲስ ግዛ» ብለው መልሰውታል። አዲስ መግዣ ግን የለም። ልጁ የሚፈልገው ደግሞ ብዙ አይደለም። የትምህርት ፒዲኤፍ ያነባል፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ አልፎ አልፎ ኢንተርኔት ይገባል።

በዚያው ሰሞን እናቴ ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠችው የድሮ ላፕቶፕም ትዝ አለኝ። ኮር 2 ዱዎ ነው፣ 2 ጊጋ ራም አለው። ሊኑክስ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነጻ ሲስተም ነው፣ ዲስትሮ የሚባሉ ብዙ ዓይነቶች አሉት። ሁለቱን ማሽኖች ጎን ለጎን አስቀምጬ ሦስት ሳምንት ያህል አንዱን ሊኑክስ ስጭን፣ ሌላውን ሳጠፋ ሰነበትኩ። እዚህ የምጽፈው ያኔ ያየሁትንና ከዚያ በፊትም የማውቀውን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ምርጡ ቀላል ሊኑክስ የቱ ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው እኔም መልሼ ሦስት ነገር እጠይቀዋለሁ። ፕሮሰሰሩ (የማሽኑ አንጎል) በአንዴ የሚያስተናግደው የመረጃ ልክ 32 ቢት ነው ወይስ 64? ራሙ ስንት ነው? ምን ልትሠራበት ነው? እነዚህ ሦስቱ ከተመለሱ ምርጫው ይጠባል። ሳይመለሱ የሚመረጥ ሊኑክስ ግን ልኩ ሳይታወቅ እንደተገዛ ጫማ ነው።

ማሽኑን እወቁት

ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ ቁልፍንና ፓውዝን አንድ ላይ ስትጫኑ የፕሮሰሰሩ ስምና የራሙ መጠን ይወጣል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ገጹ ላይ «32 ቢት» የሚል ቢታይም፣ 32 የሆነው የተጫነው ዊንዶውስ እንጂ ፕሮሰሰሩ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ የፕሮሰሰሩን ስም ገልብጣችሁ በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ።

በግርድፉ ለማወቅ ያህል፣ ከ2006 ጀምሮ የወጡት ኮር 2 ዱዎዎችና ከእነሱ በኋላ የመጡት ኮር አይ 3፣ አይ 5፣ አይ 7 ሁሉም 64 ቢት ናቸው። ከዚያ ቀድመው የወጡት ፔንቲየም ኤሞች 32 ቢት ናቸው። በ2008 እና 2009 ገበያውን ያጥለቀለቁት ኔትቡኮች ውስጥ ያለው አቶም ኤን 270ም 32 ቢት ብቻ ነው። የአክስቴ ልጅ ማሽን ይኸው ነበር።

ይሄ ቁጥር የመጀመሪያው ወንፊት የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። የሊኑክስ ዓለም 32 ቢትን እየተሰናበተ ነው። ከታወቁት የሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው የኡቡንቱ ቤተሰብ ከተወው ዓመታት አልፈዋል። የብዙዎቹ ቀላል ሊኑክሶች መሠረት የሆነው ዴቢያን፣ በኦገስት 2025 ቁጥር 13ን ሲያወጣ ለ32 ቢት ማሽን የሚሆን ማስጫኛ አላዘጋጀም። ቁጥር 12 ግን እስከ ጁን 2028 የደህንነት ማስተካከያ ያገኛል። ሞዚላም ለ32 ቢት ሊኑክስ ፋየርፎክስ የተባለውን ብራውዘሩን መሥራት ከቁጥር 144 በኋላ አቁሟል። የተራዘመ ድጋፍ ያለው ቁጥር 140 ብቻ ቢያንስ እስከ ሴፕቴምበር 2026 እንደሚቆይ አስታውቋል። ጎግል ክሮም ደግሞ ከ2016 ጀምሮ የለም። ማሽናችሁ 32 ቢት ከሆነ ዕድሜ ልትጨምሩለት ትችላላችሁ፣ ግን የጊዜ ገደብ እንዳለው አውቃችሁ ግቡበት።

ሁለተኛው ራም ነው። ሊኑክስ ከማውረዳችሁ በፊት የላፕቶፑን ጀርባ ክፈቱና ምን ዓይነት ራም እንደሆነ እዩ። ዲዲአር 2 ነው ወይስ 3? ባዶ ቀዳዳ አለው? ጥገና ቤቶች ከሞተ ላፕቶፕ የተነቀለ ራም ብዙ ጊዜ አያጡም። ከ2 ጊጋ ወደ 4 ጊጋ መውጣት የትኛውም ዲስትሮ ከሚሰጣችሁ ልዩነት ይበልጣል። አቶም ኤን 270 ያላቸው ኔትቡኮች ግን ቢበዛ 2 ጊጋ ነው የሚቀበሉት፣ ያውም በአንድ ቀዳዳ። ትንሽ ብር ከተረፈ ደግሞ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል በሌለው ፈጣን ዲስክ) መለወጥ ማሽኑን ሌላ ማሽን ያደርገዋል። እኔ ሁለቱንም አንድ ላይ መግዛት ባልችል መጀመሪያ ራሙን 4 ጊጋ ካደረስኩ በኋላ ነው ኤስኤስዲ የምገዛው።

ራሙን የሚበላው ማን ነው?

ስለ ቀላል ሊኑክስ ሲወራ ሁሉም የሚያወዳድረው «ሲከፈት ስንት ሜጋ ይወስዳል» የሚለውን ነው። አንቲኤክስ ምንም ሳይከፈትበት 200 ሜጋ አካባቢ ላይ ይቆማል። ሉቡንቱ ከ500 በላይ ይወስዳል። ሚንት ኤክስኤፍሲኢ (ኤክስኤፍሲኢ የተባለ ቀለል ያለ ዴስክቶፕ ያለው ሚንት) ከዚያም ከፍ ይላል። ልዩነቱ እውነት ነው። ግን ፋየርፎክስን ከፍታችሁ አንድ የዜና ገጽና አንድ የቪዲዮ ገጽ ብቻ ብታስጀምሩ፣ ብራውዘሩ ለብቻው ከሲስተሙ የሚበልጥ ራም ይወስዳል።

ስለዚህ የሲስተሙ ክብደት የሚወስነው ራም በጣም ባነሰበት ቦታ ነው። 1 ጊጋ ራም ላይ ሲስተሙ 600 ሜጋ ከያዘ ለብራውዘሩ 400 ይቀረዋል። አይበቃውም። ያልበቃው ነገር ወደ ሃርድ ዲስክ ይገፋል። ያኔ ዲስኩ መንቋቋት ይጀምራል፣ የማውሱ ቀስት ይቆማል። «ሃንግ አደረገ» የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ይሄንኑ ነው። 1 ጊጋ ላይ የ400 ሜጋ ልዩነት በሚሠራና በማይሠራ ማሽን መካከል ያለ ልዩነት ነው። 4 ጊጋ ላይ ግን ያው 400 ሜጋ እምብዛም አይታወቅም። እዚያ የሚያዋጣው ለአጠቃቀም የሚመቸውን መምረጥ ነው።

ሰዎች 4 ጊጋ ባለው ማሽን ላይ ከሁሉ ቀላሉን ጭነው፣ ዋይፋይ ማገናኘት ተቸግረው፣ «ሊኑክስ ይከብዳል» ብለው ሲተዉት ሳይ ያሳዝነኛል። የተጣሉት ከሊኑክስ ጋር ሳይሆን ለማሽናቸው ከማያስፈልግ ቁጠባ ጋር ነበር።

1 ጊጋ ወይም 32 ቢት ከሆነ፦ አንቲኤክስ

በዚህ ክልል ውስጥ ሌሎቹን ሁሉ ሞክሬ የምመለሰው ወደ አንቲኤክስ ነው። ዴቢያን ላይ የተሠራ ነው። ቁጥር 23 የቆመው በዴቢያን 12 ላይ ሲሆን ለ32 ቢትም ለ64 ቢትም አለ። አዘጋጆቹ 256 ሜጋ ራም ላይ እንኳ እንዲሠራ ብለው ነው የሚያዘጋጁት። በ256 ሜጋ የዛሬን ኢንተርኔት አታዩበትም እንጂ ይነሣል።

ቀላል የሆነው ሙሉ ዴስክቶፕ የሚባለውን (የሜኑ፣ የመስኮትና የማስተካከያ ጥቅል) ትቶ አይስደብሊውኤም የተባለ ትንሽ የመስኮት ማስተዳደሪያ ስለሚጠቀም ነው። ከታች አንድ መስመር አለ፣ በግራ ጥግ ሜኑ አለ። ዊንዶውስ ኤክስፒን የለመደ ሰው አይጠፋበትም። ሙሉው እትም ሊብሬ ኦፊስን ጨምሮ የጽሕፈት፣ የፊልምና የሙዚቃ ፕሮግራሞችን ይዞ ይመጣል። «ቤዝ» የሚባለው እትም ሊብሬ ኦፊስን ስለማይዝ ፋይሉ ያንሳል። «ኮር» እና «ኔት» የሚባሉት ሁለቱ ለጀማሪ አይሆኑም፣ አትንኳቸው።

ጉድለቱን ልደብቅ አልፈልግም። ሜኑው የተጨናነቀ ነው፣ አንድ ሥራ የሚሠሩ ሦስት ፕሮግራሞች ጎን ለጎን ታገኛላችሁ። ዋይፋይ የሚገናኝበት ኮንማን የሚባለው መሣሪያ መጀመሪያ ግራ ያጋባል። ማስተካከያው ሁሉ «ኮንትሮል ሴንተር» ውስጥ ተሰብስቧል፣ እሱን ካገኛችሁ ግማሹ ችግር ይቀላል። የአክስቴ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጊዜ ደውሎልኛል። በሦስተኛው ቀን ራሱ ፈልጎ የስክሪኑን ብርሃን አስተካከለ።

ከመጀመሪያው አንድ ነገር ጨምሩበት፦ ዚራም። ይሄ ራሙ ራሱ ውስጥ ያለውን መረጃ ጨምቆ የሚያስቀምጥ የከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ዘዴ ነው። ዳታው ወደ ዝግተኛው ሃርድ ዲስክ ከመገፋቱ በፊት ተጨምቆ እዚያው ራም ላይ ይቆያል። ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይጨመቃል። ፕሮሰሰሩ ትንሽ ይደክማል፣ ግን ከሃርድ ዲስክ መጠበቅ በብዙ ይሻላል። በዴቢያን ዘመዶች ላይ በሶፍትዌር ማስጫኛው «ዚራም ቱልስ» ብላችሁ ስትፈልጉ ታገኙታላችሁ። ከ4 ጊጋ በታች በሆነ ማሽን ሁሉ ላይ እጭነዋለሁ።

2 ጊጋ ከሆነ፦ ሉቡንቱ ወይስ ኤምኤክስ?

2 ጊጋ ላይ ስትደርሱ ሙሉ ዴስክቶፕ ይቻላል፣ ግን በልክ። ሁለት እጩዎች አሉኝ።

ሉቡንቱ የኡቡንቱ ቀላል ወንድም ነው። ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ኤልኤክስኪውት የተባለውን ዴስክቶፕ ይጠቀማል። ንጹሕ ነው፣ መልኩ የድሮውን ዊንዶውስ ይመስላል፣ ማስጫኛው ለጀማሪ ግልጽ ነው። 24.04 የሚባለው እትም እስከ ኤፕሪል 2027 ይደገፋል። 64 ቢት ብቻ ነው። ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ፋየርፎክስን በስናፕ መልክ ማቅረቡ ነው። ስናፕ ፕሮግራሙን ከነሙሉ ጓዙ አጠቃልሎ የሚያቀርብ አሠራር ሲሆን፣ በድሮ ሃርድ ዲስክ ላይ ብራውዘሩ መጀመሪያ ሲከፈት በጣም ይዘገያል። የእናቴ ላፕቶፕ ላይ ክሊክ አድርጌ ቡና ቀድቼ እስክመለስ ነበር የሚቆየው። ኤስኤስዲ ካላችሁ ይሄ ቅሬታ ይቀንሳል።

ኤምኤክስ ሊኑክስ በአንቲኤክስና በድሮው ሜፒስ ማኅበረሰቦች ትብብር የተወለደ ነው። ዋናው እትም ኤክስኤፍሲኢ ዴስክቶፕ አለው። ፍሉክስቦክስ የተባለው እትም ደግሞ ይበልጥ ቀላል ነው። ፋየርፎክሱ ስናፕ አይደለም። ቁጥር 23 ለ32 ቢትም ነበረው፣ ቁጥር 25 ግን 64 ብቻ ሆኗል። ኤምኤክስን የምወድበት ትልቁ ምክንያት መሣሪያዎቹ ናቸው። ከእነሱ አንዱ «ስናፕሾት» ይባላል። አንድ ማሽን ላይ አማርኛ ኪቦርዱን፣ ፎንቱን፣ ሊብሬ ኦፊሱን አስተካክላችሁ ስትጨርሱ፣ የተስተካከለውን ሲስተም እንዳለ ወደ አንድ ማስጫኛ ፋይል ይቀይርላችኋል። ያንን ፍላሽ ላይ ጽፋችሁ ሌላ ማሽን ላይ ትጭኑታላችሁ። አሥርና ሃያ አሮጌ ኮምፒውተር በልገሳ ለደረሳቸው ትምህርት ቤቶች ይሄ ምን ያህል ድካም እንደሚያቀል አስቡት። ኢንተርኔት የምትከፍሉት ለአንዱ ማሽን ብቻ ነው። አንቲኤክስም ይሄንኑ መሣሪያ ይዟል።

ከሁለቱ እኔ በ2 ጊጋና በሃርድ ዲስክ ላይ ኤምኤክስን እመርጣለሁ። ሌላ የኡቡንቱ ተጠቃሚ አጠገባችሁ ካለ ግን ሉቡንቱን ውሰዱ። የሚያግዝ ሰው ቅርብ መኖሩ ከጥቂት ሜጋባይት ይበልጣል።

4 ጊጋ ካለ፦ ሚንት፣ ሳታመነቱ

ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ ቢያንስ 2 ጊጋ ራም ይጠይቃል፣ ለምቾት 4 ይመክራል። በ2 ጊጋ ይነሣል፣ ግን ብራውዘር ሲከፈት መጨናነቁ አይቀርም። በ4 ጊጋ ግን ለእናት፣ ለአባት፣ ለማንኛውም ኮምፒውተር «ይሥራልኝ» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ስናፕ የለበትም። ማሻሻያውን በአንድ ምልክት ያሳውቃል። ቁጥር 22 እስከ 2029 ይደገፋል። በዲስክ ላይ ቢያንስ 20 ጊጋ ቦታ ይፈልጋል።

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በኦክቶበር 2025 ካበቃ በኋላ ቢሯችሁ የጣላቸው ላፕቶፖች ካሉ፣ ለሚንት ተስማሚዎቹ እነሱ ናቸው። ዊንዶውስ 11 ብዙዎቹን ያልተቀበለው ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ቺፕና አዲስ ትውልድ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ ነው። በአቅም ግን ለሚንት ከበቂ በላይ ናቸው።

ሃርድ ዲስኩ ከሞተ፦ ፐፒ

ፐፒ ሊኑክስን አውስትራሊያዊው ባሪ ካውለር በ2003 ነው የጀመረው። ከሌሎቹ የሚለየው አሠራሩ ነው። ከፍላሽ ተነሥቶ ራም ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ሁሉንም ከራም ላይ ይሠራል። ለዚህ ነው በአሮጌ ማሽን ላይ የሚገርም ፍጥነት ያለው። ሃርድ ዲስክ የሌለው ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። ዊንዶውሱ አልነሣ ካለ ማሽን ፎቶና ዶክመንት ለማውጣትም እጠቀምበታለሁ።

ለዕለት ተዕለት ሥራ ግን አልመክረውም። ከፍላሽ ሲሠራ ለውጦቻችሁ የሚቀመጡት «አስቀምጥ» ስትሉ ነው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ መብራት ድርግም ካለ ያላስቀመጣችሁት አብሮ ይሄዳል። በተጨማሪ ተጠቃሚው ከመነሻው የሲስተሙ ሙሉ ባለሥልጣን ሆኖ ይገባል። ልጆች ለሚጋሩት ማሽን ይሄ አይመቸኝም።

ሌሎቹን ባጭሩ ልለፋቸው። ኪው4ኦኤስ በትሪኒቲ ዴስክቶፕ የዊንዶውስ ኤክስፒን መልክ ለሚናፍቅ ሰው ጥሩ ነው፣ 32 ቢትም አለው። አንቲኤክስ ግራ ካጋባችሁ ቀጥሎ የምትሞክሩት እሱን ይሁን። ቦዲ ያምራል፣ ግን ለመልመድ ጊዜ ይወስዳል። ታይኒ ኮር ከ30 ሜጋባይት ባነሰ ፋይል ይመጣል፣ ሁሉን ነገር ራሳችሁ ትገነባላችሁ፣ ለመማር ነው የሚሆነው። ክሮም ኦኤስ ፍሌክስ ሊኑክስ ውስጡ ቢኖርም 4 ጊጋ ራም ይጠይቃል፣ ሥራውም በጎግል አካውንትና በኢንተርኔት ላይ የቆመ ነው። ዳታ በፓኬጅ ለሚገዛ ሰው አይሆንም።

አማርኛውስ?

ለእኛ ይሄ ትልቁ ጥያቄ ነው፣ ብዙ መመሪያዎች ግን አያነሡትም። ደስ የሚለው፣ በሁሉም ላይ ይቻላል። ፊደሉ አራት ማዕዘን ሆኖ ከታያችሁ የጎደለው ፎንት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካን ጫኑ፣ ሁለቱም በሶፍትዌር ማስጫኛው ውስጥ በነጻ አሉ።

ለመጻፍ አይባስ የተባለውን የኪቦርድ ሲስተም ከነኤም17ኤን ጥቅሉ ጫኑ፣ ውጡና እንደገና ግቡ፣ ከዚያ በአይባስ ምርጫዎች ውስጥ አማርኛን ጨምሩ። አጻጻፉ «ሴራ» በሚባለው ስልት ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ድምፁን እያሰማችሁ «ሰላም» ብትጽፉ ግዕዙ ራሱ ይመጣል። ስልካችሁ ላይ በድምፅ አጻጻፍ ለለመዳችሁ እንግዳ አይሆንም። ኪይማንም ለሊኑክስ አለ፣ የአማርኛ ኪቦርዶችም አሉት። ሚንትና ሉቡንቱ ላይ ይሄ ሁሉ በክሊክ ይሄዳል። አንቲኤክስ ላይ «ኢም ኮንፊግ» የተባለውን ከፍታችሁ አይባስን መምረጥ ሊያስፈልጋችሁ ይችላል።

የድሮ ዶክመንት ላይ ግን ተጠንቀቁ። በኒያላ ፎንት የተጻፈ ፋይል ሊብሬ ኦፊስ ውስጥ ይከፈታል፣ ግን ኒያላ የዊንዶውስ ስለሆነ በሌላ ፎንት ተተክቶ ገጹ ሊዛባ ይችላል። ዩኒኮድ (ዓለም አቀፉ የፊደል ኮድ) ባልሆኑ የጥንት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ፎንቱ ከሌለ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ዓይነት ፋይል ብዙ ካላችሁ ዊንዶውሱን ከማጥፋታችሁ በፊት ወደ ፒዲኤፍ ቀይሯቸው።

አንዳንድ ሰው ደግሞ ሊኑክስ መጫን የለበትም። ሥራችሁ ፒችትሪ ላይ ከሆነ፣ አውቶካድ ከሆነ፣ ወይም ያለ ፓወር ግዕዝ መጻፍ ካልቻላችሁ፣ እነዚህ የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ናቸው። በደካማ ማሽን ላይ በተዘዋዋሪ መንገድ ለማስኬድ መታገል ጊዜ ማባከን ነው።

ስታወርዱና ስትጭኑ

የሚንትና የሉቡንቱ ፋይል እያንዳንዳቸው 3 ጊጋባይት ይጠጋሉ። በሞባይል ዳታ ከሆነ ያማል። በተቻለ መጠን በቶረንት (ፋይሉን ከብዙ ሰዎች በቁርጥራጭ በሚያመጣ ዘዴ) አውርዱ። መብራት ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል፣ ፋይሉም ሳይበላሽ መድረሱን ራሱ ያረጋግጣል። ያወረደ ጓደኛ ካላችሁ በፍላሽ ተቀበሉት። እነዚህን ፋይሎች መገልበጥና ማደል የተፈቀደ ነው፣ ክራክ መፈለግ የለም።

ፍላሹን በቬንቶይ አዘጋጁት። ቬንቶይ አንድ ፍላሽ ላይ ብዙ ማስጫኛ ፋይል እንድታስቀምጡ ያስችላል፣ ሲነሣ የትኛውን እንደምትፈልጉ ይጠይቃችኋል። 16 ጊጋ ፍላሽ ላይ አንቲኤክስን፣ ኤምኤክስንና ሚንትን አንድ ላይ ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ማሽኑ ሲበራ ዴልና ሌኖቮ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9 ስትጫኑ ከየት ልነሣ ብሎ ይጠይቃል።

ሳትጭኑ ከፍላሹ ላይ አስነሥታችሁ ሞክሩት። አራት ነገር እዩ፦ ዋይፋይ ይይዛል? ድምፅ አለው? ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት ይነቃል? ብርሃኑ ይቀንሳል? ከፍላሽ ሲሠራ ዝግ ማለቱ ያለ ነው፣ በእሱ አትፍረዱ። ዋይፋይ ካልያዘ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው የብሮድኮም ቺፕ ነው፣ ተጨማሪ ድራይቨር (ቺፑን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ይፈልጋል። ድራይቨሩን ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። መፍትሔው አንድሮይድ ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ ሰክታችሁ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ማካፈያ) ማብራት ነው። ሊኑክስ ወዲያው ያውቀዋል።

ትንንሽ ኔትቡኮች ስክሪናቸው ቁመቱ 600 ፒክሰል ብቻ ስለሆነ የማስጫኛው «ቀጥል» ቁልፍ ከስክሪኑ በታች ይቀራል። ኦልትን ይዛችሁ መስኮቱን በማውስ ወደ ላይ ጎትቱት። እኔ ይሄን ሳላውቅ በፊት አንድ ሙሉ ከሰዓት አቃጥያለሁ።

ሌላም አለ። ለዓመታት ተዘግቶ የቆየ ላፕቶፕ የሰዓቱ ባትሪ ይሞትና ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያኔ ድረ ገጾች «ደህንነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አይከፈቱም፣ ማሻሻያም እምቢ ይላል። ሰው ሊኑክሱ የተበላሸ ይመስለዋል። መጀመሪያ ቀኑን አስተካክሉ። ባትሪዋ ትንሽ ክብ ናት፣ ርካሽ ናት፣ ትቀየራለች።

ከጫናችሁ በኋላ ፋየርፎክስ ላይ ዩብሎክ ኦሪጅንን ጨምሩ። ማስታወቂያውን ሲያስቀር ራምም ዳታም ይቆጥባል። ዩቲዩብ ከተንቀራፈፈ ጥራቱን 360 ወይም 480 ላይ አድርጉት። ዩቲዩብ የሚልካቸው አዳዲስ የቪዲዮ ዓይነቶች ለድሮ ግራፊክስ ይከብዳሉ። ኤች264ኢፋይ የሚባለው ጭማሪ ቀለል ያለውን ዓይነት እንዲልክ ያስገድደዋል።

የሁለቱ ማሽኖች ነገር እንዲህ አለቀ። ለኔትቡኩ ያገለገለ 2 ጊጋ ራም አግኝተን አንቲኤክስ 32 ቢት ከነዚራሙ ተጫነበት። ፒዲኤፉም ጽሑፉም ይሄዳል፣ ኢንተርኔት ላይ ሁለት ታብ ይበቃዋል። ከ2028 አጋማሽ በፊት ሌላ ማሽን እንደሚያስፈልገው ልጁም ያውቀዋል። የእናቴ ላፕቶፕ 4 ጊጋ ሆኖ ሚንት ተጫነበት። ሃርድ ዲስኩ ገና የድሮው ነው፣ ኤስኤስዲውን ለገና አስቤዋለሁ።